ቡናማው ይበልጣል፦ ስለ መዳብ ሳንቲም ደረጃ የተደረገ ምልልስ

በሰሜን ሸዋ የምትገኘው መዘዞ ስሟ ከአገር ውጭ የታወቀው በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ዓለም ገበያ መውጣት በጀመረው ኦፓል ነው። ድንጋይን በዓይን መርምሮ ዋጋ መስጠት በከተማዋ የተለመደ ሥራ ስለሆነ፣ አሮጌ ሳንቲም የሚመረምር ሰውም ይህንኑ የድንጋይ ልማድ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ኦፓል ሲሞረድና ሲወለወል ዋጋው ሲጨምር፣ መዳብ በተወለወለ ቁጥር ዋጋው ያሽቆለቁላል። ቀጥሎ የቀረበው ምልልስ ጡረታ በወጡ የታሪክ መምህርና ኦፓል ገዝቶ በሚሸጥ ወጣት መካከል የታሰበ ነው። የምልልሱ ጉዳይ «ደረጃ» ሲሆን፣ ደረጃ ማለት አንድ ሳንቲም ከማተሚያው ከወጣ ጀምሮ ምን ያህል እንደተበላ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰበትና ከመጀመሪያ ገጹ ምን እንደተረፈው የሚገልጽ ፍርድ ነው።

ነጋዴው፦ መምህር፣ የገበያው ልማድ የሚያብረቀርቀውን ሳንቲም አዲስ፣ የጠቆረውን የተናቀ አድርጎ መቁጠር ነው፤ ስለዚህም ሻጩ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሳንቲሙን በሎሚና በአመድ አሽቶ ያቀርበዋል። ኦፓል እንኳ ቅርፊቱ ካልተነሣለትና ካልተወለወለ ገዢ ዞር ብሎ አያየውም። ታዲያ ይህ ልማድ በመዳብ ላይ ሲሆን ለምን ጥፋት ይባላል?

መምህሩ፦ የኦፓል ውበት በውስጡ ያለ ሲሆን የሳንቲም ውበት ግን በላዩ ላይ ብቻ ያለ ስለሆነ ነው፣ ልጄ። ሳንቲም የሚታተመው ጥፍጥፍ የሚባለው ክብ መዳብ ምስል በተቀረጸባቸው በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በከባድ ኃይል ሲመታ ነው፤ በዚያች ቅጽበት መዳቡ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይገፋል፣ ሲገፋም በዓይን ብቻ ለይቶ ማየት የሚያስቸግሩ ደቃቅ መስመሮች በገጹ ላይ ይቀራሉ። ሳንቲሙ በብርሃን ሥር ሲዘዋወር በላዩ ላይ አብሮ የሚዞር ጮራ የሚታየው ከእነዚህ መስመሮች የተነሣ ሲሆን፣ ለምልልሱ እንዲመች «የማኅተም ጮራ» ተብሎ ሊጠራ ይችላል። ሎሚ አሲድ ስለሆነ መስመሮቹን ከነቆዳቸው ያሟሟቸዋል፣ አመድና አሸዋም የተረፈውን ይፍቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያብረቀርቀው የተላጠ መዳብ ነው፤ የጠፋውንም ጮራ የሚመልስ ጥበብ የለም።

ነጋዴው፦ የተላጠው መዳብና ጮራው ያልጠፋው ሳንቲም በገበያ ላይ፣ በችኮላ፣ እንዴት ይለያሉ?

መምህሩ፦ 1936 ዓ.ም. የተጻፈበትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አሥር ሳንቲም ለምሳሌ ውሰድ። ሳንቲሙ ጠርዙን በሁለት ጣት ተይዞ፣ በአንድ መብራት ሥር ጋደል ተደርጎ ቀስ በቀስ ሲዞር፣ ያልተነካ ከሆነ ብርሃኑ በሜዳው ላይ፣ ማለትም ምስልና ጽሕፈት በሌለበት ጠፍጣፋ ክፍል ላይ፣ ሳይቋረጥ ይዞራል፤ የተፈተገ ከሆነ ግን ብርሃኑ በአንድ ቦታ ተገትሮ ይቀራል፣ በማጉያ መነጽር ሲታይም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ የጭረት መስመሮች ይወጣሉ። ሁለተኛው ምልክት ቀለም ነው፦ የተፈጥሮ ቀይ መዳብ ወርቃማ ድምቀት ሲኖረው፣ በአሲድ የታጠበው ወደ ሐምራዊነት የሚያደላ ድብዝዝ ሮዝ ይሆናል። ሦስተኛው ምልክት ብዙ ጊዜ የማይሳሳተው ነው፤ ይኸውም የሻጩ እጅ ያልደረሰበት በፊደላቱ ጉያና በሳንቲሙ ሌላ ገጽ ባለው አንበሳ እግሮች መካከል ያለው ቦታ ጥቁር ሆኖ ሲቀር፣ ሜዳው ብቻ ነጥቶ መታየቱ ነው። ለዚህ ሁሉ ምርመራ ለኦፓል የሚያገለግለው አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና የእጅ ባትሪ ይበቃሉና መዘዞ በመሣሪያ አትቸገርም።

ነጋዴው፦ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከፈረንጅ ሰብሳቢዎች የመጣ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ የአገሬው ሰው ገንዘብን የሚያየው በሚገዛው ነገር እንጂ በገጹ አልነበረም ይላሉ።

መምህሩ፦ የአካባቢው ታሪክ ይህን አባባል አይደግፈውም። በአንኮበር ግርጌ በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ዋናው ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ዝርዝሩ ደግሞ አሞሌ ጨው በነበረበት ዘመን፣ ሻጩ በብሩ ላይ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎችና የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ካልቆጠረ አይቀበልም ነበር፤ ነጠብጣቡ የደበዘዘበት ብር፣ ብርነቱ ሳይጓደል፣ ይመለስ ነበር። ይህንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ ተጓዦች እየተገረሙ ጽፈውታል። አሞሌም ቢሆን የተሰበረው እንደ ሙሉው አይቆጠርም፤ ስለዚህ ነጋዴ እንዳይሰበርና እንዳይፋቅ በልጥ ጠፍሮ ይይዘው ነበር። የሸዋ ገበያ ገንዘብን በገጹ መመዘን ከማንም አልተማረም ማለት ነው። ለመዳብ ግን ይህን ዓይን አላዋለውም፤ ምክንያቱም ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ እንደሚወጣ አስነግረው፣ በፓሪስ ታትመው ከመጡት መካከል የ1889 ዓ.ም. ጽሕፈት ያለባቸው ትንንሽ የመዳብ ሳንቲሞች ቢገኙም፣ ሕዝቡ እነዚያን ለመቀበል ዘግይቷል፤ በጨውና በጥይት መመንዘርም ቀጥሏል።

ነጋዴው፦ ሻጮች አንዳንድ ጊዜ «ስልሳ አምስት ነው»፣ «ሃምሳ ነው» እያሉ በቁጥር ይናገራሉ። ይህ ቁጥር ከየት የመጣ ነው? ከመቶ ነው ወይስ ከምን?

መምህሩ፦ ከሰባ ነው፣ የተወለደውም ከመዳብ ነው። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ከ1793 እስከ 1814 የታተሙትን ትልልቅ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ለመመዘን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መሰላል አወጣ፤ 1 ምንነቱ በጭንቅ የሚታወቅ፣ 70 አንዳች እንከን የሌለበት ነው። የመሰላሉ ምሥጢር ግን ዋጋ ነበር፦ በ1 ደረጃ አንድ ዶላር የሚያወጣ ሳንቲም በ40 ደረጃ አርባ ዶላር ያወጣል ተብሎ ታስቦ ነው ቁጥሩ የተቀመረው። ከጊዜ በኋላ የከፍተኛ ደረጃ ሳንቲሞች ዋጋ ከዚህ ስሌት እጅግ ስላለፈ ስሌቱ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ፣ ለብርም ለወርቅም ተዳረሰ፣ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሳንቲም መዝነው በፕላስቲክ ቤት አሽገው የሚመልሱ ድርጅቶች የሚሠሩት በእርሱ ነው። ከ60 ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ጨርሶ ያልተበላ ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው አጠራር «ጥሩ» የሚባለው 4 ግን ምስሉ ጥላ ብቻ ሆኖ የቀረ ሳንቲም ነውና ገዢው በስሙ እንዳይታለል።

ነጋዴው፦ እንግዲያው ቁጥሩ የዋጋ ልጅ ከሆነ፣ ቁጥር የሚሰጠውም ሰው ብዙ ጊዜ ሻጭ ከሆነ፣ ምዘናው እንዴት ይታመናል? ሻጩ ከፍ፣ ገዢው ዝቅ ማድረጋቸው አይቀርም።

መምህሩ፦ ትክክለኛ ነቀፋ ነው፤ የሼልደን የራሱ ታሪክም ያጠናክረዋል። ሰውዬው ከሞተ በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ በኒው ዮርክ ከሚገኘው የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ላይ የተሻለውን ሳንቲም ወስዶ የራሱን ዝቅ ያለ ሳንቲም በቦታው ይተካ እንደነበር ታውቆ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ደረጃን ከማንም በላይ ያውቅ የነበረው ሰው እውቀቱን ሳንቲም ለማለዋወጥ አዋለው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩን የወለደው ምክንያት በቃል ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት፣ ሌላውም ሰው ሳንቲሙን ይዞ ቃሉን አንድ በአንድ መፈተን መቻል አለበት።

ነጋዴው፦ ምክንያቱ ሲዘረዘር ከምን ይጀመራል?

መምህሩ፦ ከቅርጹ ጉልህነት ነው፤ ይኸውም ዝገትና ጭረት ለጊዜው ተረስተው፣ ምስሉ ምን ያህል እንደተበላ ብቻ ማየት ነው። መበላት የሚጀምረው ከፍ ብለው ከሚታዩት ክፍሎች ነውና፣ በ1936ቱ ሳንቲሞች ላይ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በአንድ ወገን በንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭና ከጆሯቸው በላይ ባለው ጠጉር፣ በሌላው ወገን በአንበሳው ጋማና ጭን ላይ ነው። ጠጉሩ ዘለላው ከተለየ፣ ጋማውም ፈትሉ ከታየ ሳንቲሙ ከፍ ያለ ነው፤ ጠጉሩ አንድ ልሙጥ ጉብታ ሆኖ ፊደላቱ ብቻ ከተነበቡ ከመካከል በታች ወርዷል። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፦ ልሙጥ ሁሉ የተበላ አይደለም። ማኅተሙ ሲያረጅ ወይም ምቱ ሲደክም፣ መዳቡ ወደ ማኅተሙ ጥልቅ ጉድጓድ ሳይደርስ ይቀርና ሳንቲሙ ከማተሚያው ሲወጣ ጀምሮ ጋማው ደብዛዛ ይሆናል።

ነጋዴው፦ ደካማ ምትና መበላት ሁለቱም ልሙጥ ከሆኑ ልዩነታቸው በምን ይታወቃል?

መምህሩ፦ በቀለምና በገጽ ነው። የተበላ ቦታ በጣትና በኪስ ስለተፈተገ ለስልሶ ከሜዳው የተለየ ቀለም ይይዛል፤ ዙሪያው ቀይ ሆኖ ጉንጩ ብቻ ከጠቆረ ወይም ከደበዘዘ፣ ያ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። በምት ድካም ልሙጥ የሆነው ግን ቀለሙ ከሜዳው ጋር አንድ ነው፣ ጮራውም በላዩ ያልፋል፣ በመነጽር ሲታይም የጥፍጥፉ የመጀመሪያ ሻካራነት አልጠፋም። ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ሳንቲም ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም የ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞች ከአዲሱ ብር ጋር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ወደ ገበያ ከገቡ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ፲፱፻፴፮ እንደተባለ ቀርቷል። አንድ ሳንቲም ቀይና ያልተበላ ሆኖ ሲገኝ «ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆየ» ተብሎ ሊጠረጠር ወይም ሊደነቅ አይገባም፤ ከተጻፈበት ዓመት ብዙ ዘግይቶ የታተመ ሊሆን ይችላልና።

ነጋዴው፦ ቀለሙስ ራሱን የቻለ ደረጃ አለው?

መምህሩ፦ አለው፣ ለመዳብ ብቻ። ከመጀመሪያ ቅላቱ ወደ 95 በመቶ ያህል የቀረለት «ቀይ»፣ ቅላቱ ከሞላ ጎደል የጠፋው «ቡናማ»፣ በመካከል ያለው «ቀይ ቡናማ» ይባላል። ቀዩ ብርቅ ስለሆነ ዋጋው ይበልጣል፤ ሎሚው የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ቡናማው ግን ቆሻሻ አይደለም፤ መዳቡ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ያበጀው ስስ ቆዳ ነው፣ ከሥሩ ያለውንም ይጠብቃል። ቆዳው ሳይላጥ፣ እኩል ቀለም ይዞ የቆየ ቡናማ ሳንቲም ከተፈተገ ቀይ ሳንቲም ይበልጣል፤ ይህ በአዋቂዎች ዘንድ ክርክር የለበትም።

ነጋዴው፦ ጉዳት ያለበት ሲሆንስ ደረጃው እንዴት ይወጣል? ቅርጹ ጎልቶ የሚታይ፣ ነገር ግን ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ሳንቲም አለ እንበል።

መምህሩ፦ ሁለት መንገድ አለ። አሽገው የሚመልሱት ድርጅቶች የተበሳና የተፈተገ ሳንቲም ቁጥር ይነፍጉታል፣ የቅርጹን ደረጃና ጉዳቱን በቃል ብቻ ይጽፉለታል። የድሮ መዳብ ሰብሳቢዎች ደግሞ የቅርጹን ጉልህነት በቁጥር ካስቀመጡ በኋላ በጉዳቱ መጠን ይቀንሱለታል፤ ለምሳሌ በቅርጹ 40 የሆነው ሳንቲም ስለ ዝገቱ ወደ 20 ሊወርድ ይችላል፣ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ለኢትዮጵያ ሳንቲም ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ብዙው በስልቻና በመሬት ውስጥ፣ በአንገትና በመቀነት ላይ የኖረ ስለሆነ፣ እንከን ያለበትን ሁሉ ቁጥር መንፈግ አብዛኛውን ከምዘናው ማስወጣት ይሆናል።

ነጋዴው፦ ክብ ስሙኒና ጠርዙ ከፍ ዝቅ የሚል ስሙኒ አብረው ይገኛሉ። አንዱ የሌላው ብልሽት ነው?

መምህሩ፦ ብልሽት አይደለም፣ ሕጋዊ ለውጥ ነው። የመዳቡ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ መጠኑ ግን ከብር ከተሠራው ከሃምሳ ሳንቲም፣ ከሽልንጉ ማለት ነው፣ ጋር ስለተቀራረበ፣ ብር መሳይ ልባስ እየተደረገበት እንደ ሽልንግ ይሰጥ ነበርና ተሰበሰበ፤ ጠርዙም እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ እንዲል ተደረገ። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ በዚያው ገላቸው ጠርዛቸው ተቆርጦ ተመልሰው የወጡ ስለሆኑ አቆራረጣቸው ሸካራ ነው፤ ቀጥሎ በዚያ ቅርጽ የታተሙት ግን ጠርዛቸው ንጹሕ ነው። ስለዚህ የጠርዙ ሻካራነት ብቻውን ደረጃ አይቀንስም። ክቡ ስሙኒ በቁጥር ያነሰ ስለሆነ ከፍ ባለ ዋጋ ይፈለጋል፤ ከፊደላቱ ጉያ ብር መሳይ ልባስ የቀረበት ክብ ስሙኒ ቢገኝ ደግሞ በደረጃው ዝቅ ይበል እንጂ ሳንቲሙ ለምን እንደተሰበሰበ የሚመሰክር ስለሆነ ልባሱን ማንሳት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ነጋዴው፦ አረንጓዴ የያዘውስ? እርሱ እንኳ ካልታጠበ ይበላዋል ይባላል።

መምህሩ፦ አረንጓዴው ሁለት ዓይነት ነው፤ መልሱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ጠንካራ፣ ጠቆር ያለ፣ በጥፍር ሲነካ የማይነሣ አረንጓዴ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ይተው። ፈዛዛ፣ ዱቄት የሚመስል፣ ሲጠረግ ተነሥቶ እንደገና የሚወጣ አረንጓዴ ግን ከጨው የመጣ ሕመም ነው፦ በመዳቡ ውስጥ የገባው ክሎራይድ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን እየበላ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሳንቲም ከሌሎቹ ተለይቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥና ባለሙያ ይታይለት፤ በጨውና በሎሚ ማሸት ግን በሽታውን በራሱ መመገብ ነው። ሳንቲም ቆሽሾ ከሆነ የሚፈቀደው ሳይታሽ በተጣራ ውኃ መዘፍዘፍ ሲሆን፣ ቅባት ወይም የፕላስቲክ ልቃቂ የያዘውን አሴቶን ያነሣዋል፤ አሴቶን እሳት ስለሚይዝ ከምድጃና ከሻማ ይራቅ።

ነጋዴው፦ ከመሬት ስለሚወጡት የአክሱም ሳንቲሞችም ይህ ሁሉ ይሠራል?

መምህሩ፦ ይሠራል፣ ጥንቃቄው ግን እጥፍ ይሆናል። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን በወርቅ፣ በብርና በመዳብ አሳትማለች፤ ከመዳቦቹም በአንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ስስ የወርቅ ልባስ ተደርጎባቸዋል። ያ ወርቅ በአፈርና በዝገት ተሸፍኖ ሊቀር ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ በአሸዋ የተፈተገ የአክሱም ሳንቲም ባለቤት፣ ወርቅ እንደነበረበት እንኳ ሳያውቅ ወርቁን ያጣል። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለው ግኝት ቅርስ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ መሠረት ያገኘው ሰው ማሳወቅ ይገባዋል፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። እዚያ ላይ የደረጃ ጥያቄ የሚነሣው ለሙዚየም እንጂ ለገበያ አይደለም።

ነጋዴው፦ እንግዲህ በእጅ ያሉት የኃይለ ሥላሴ ዘመን መዳቦች እንዴት ይቀመጡ? ደግሞስ ከዚያ በኋላ የመጣ መዳብ የለም?

መምህሩ፦ አቀማመጡ አጭር ነው፦ ለስላሳና ሽታ ካለው ፕላስቲክ እንዲሁም ከቆዳ ይራቁ፣ በወረቀት ኪስ ለየብቻቸው ይሁኑ፣ ጢስ በማይገባበት ደረቅ ቦታ ይቀመጡ፣ በጠርዛቸው ብቻ ይያዙ። መዳቡ በ1969 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ደርግ ባወጣው አዲስ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አሉሚኒየም፣ አምስትና አሥር ሳንቲም ነሐስ መሳይ ቢጫ፣ ስሙኒና ሽልንግ ነጭ ሆኑ። ስለዚህ የመዳቡ ቁጥር ከእንግዲህ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ከሚቀንሱትም ብዙው የሚጠፋው በባለቤቱ እጅ፣ በሎሚ ነው።

ነጋዴው፦ ገዢው ግን አሁንም የሚያብረቀርቀውን ነው የሚጠይቀው፣ መምህር። ቡናማውን የያዘ ሻጭ ምን ይበለው?

መምህሩ፦ ማጉያ መነጽሩን ያቀብለው፤ ጠጉሩን፣ ጋማውንና የፊደላቱን ጉያ ያሳየው፤ በወረቀት ኪሱ ላይም የቅርጹን ደረጃ፣ ቀለሙንና እንከኑን ሳይደብቅ ይጻፍለት። የሚያውቅ ገዢ ያኔ ይከፍላል፤ የማያውቀው ቢሄድም ሳንቲሙ እንዳለ ይቆያል፣ ለሚቀጥለው ገዢ። በመዘዞም ሆነ በአንኮበር፣ በሣጥን ሥር የቆየ መዳብ ያለው ሰው ቢኖር፣ ለማሳየት ሲያመጣው ሳያጥበው ያምጣው።